የሙሽራውና የሙሽሪት ዕድሜ

ባለፈው ሰሞን አንድ የታክሲ ባልደረባዬ ሽማግሌ እንድሆነው ለመነኝ። ዕድሜው እንደ እኔው ከአርባ አምስት አልፏል። አገር ቤት ሄዶ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ግን ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። «አንተ መምህር ስለነበርክ ያከብሩሃል፤ ለአባቷ ደውልልኝ። በባህላችን እንደሆነ ወንዱ ቢበልጥ ነውር የለውም» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ተለያየን። ለመሆኑ ይህ «ባህላችን» የምንለው ነገር ከወዴት መጣ? የታሪክ መምህር ነበርኩና እስቲ አብረን ወደ ኋላ እንመልከት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 581 ወንድ 18፣ ሴት ደግሞ 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይደነግግ ነበር። የሦስት ዓመት ልዩነት መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር ከአባቶቻችን የወረስነው ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግም ያስቀመጠው ይህንኑ 18 እና 15 ነው፤ የእኛን ሕግ ያረቀቁትም ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ።

በልማድ ግን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋ ነበር። ወንዱ ጎጆ ለመውጣት መሬትና በሬ ማግኘት አለበት፤ ይህም ዓመታት ይፈጃል። ሴቷ ግን «ቆሞ ቀር» ሳትባል፣ ወላጆቿም በሕይወት ሳሉ ቶሎ ትዳራለች። ጋብቻ በመጀመሪያ የሁለት ቤተሰብ ውል ስለነበረ የልጅቷን ፈቃድ የሚጠይቅ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ከባላገሩ አይለይም። በኋላ ንግሥተ ነገሥታት የሆኑት ዘውዲቱ ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ የተዳሩት እ.ኤ.አ. በ1882፣ የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነው። የሁለት ነገሥታት ስምምነት የታሰረው በአንዲት ሕፃን ነበር።

«ይህ የእኛ ብቻ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። በዚህ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ ለወንዱ 26፣ ለሴቷ 22 ነበር። በ2023 ግን 30 እና 28 ሆኗል። ሴቷ ተምራ በራሷ እንጀራ ማደር ስትጀምር ልዩነቱም እየጠበበ መጣ።

እኛም በሕግ ረገድ ወደ ኋላ አልቀረንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው። ያቺው ፈረንሳይ ይህን ያደረገችው ከእኛ ስድስት ዓመት ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው! ኑሮው ግን ሕጉን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መካከለኛው የጋብቻ ዕድሜ ለሴቶች 17 ዓመት፣ ለወንዶች ወደ 24 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በጥር 1998 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ሳስተምር፣ ከፊት ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ተዳረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ሙሽራው በአሥር ዓመት ይበልጣታል። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ስለ ናፖሊዮንም ለዚያው ክፍል አስተምሬአለሁ። ቢሆንም አባቷ ሠርግ ሲጠሩኝ ሄጄ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጨፈርኩ። ሰኞ ጠዋት ስሟን ከስም መጥሪያው ላይ ሰረዝኩ። ፈቃዷን የጠየቃት ማንም አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የወዳጄ እጮኛ በእርግጥ ሕፃን አይደለችም። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ሃያ ሦስት ዓመት የሚበልጣትን ሰው ወድዳ ብታገባ ማን ይከለክላታል? ግን ወድዳ መሆኑን በምን እናውቃለን? የአውሮፕላን ትኬትና የውጭ አገር ኑሮ ዛሬ የመሬቱንና የበሬውን ቦታ ተክተው እንደሆነስ?

ስለዚህ ለወዳጄ የምመልስለት ይህን ነው፦ ሽማግሌ እሆንሃለሁ፤ ነገር ግን ለአባቷ ከመደወሌ በፊት የልጅቷን ስልክ ስጠኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ያልጠየቅሁትን ጥያቄ አሁን ልጠይቅ። እናንተም ሽምግልና ስትላኩ እንዲሁ ብታደርጉ መልካም ነው እላለሁ። ቸር ይግጠመን።