«ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ

ለመስቀል አገር ቤት የወረደ ሰው ስለ ክትፎ እንጂ ስለ ባሕር አያወራም። እኔ ግን አንድ ዓመት ቡታጅራ ምሳ በበላሁበት ቤት ግድግዳ ላይ የአንዲት ግራጫ የጦር መርከብ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አየሁና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ዲስትሮየር ናት እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«ዲስትሮየር ከየት አምጥተን! ‹ኢትዮጵያ› ናት። ወጣትነቴን የጨረስኩባት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ዲስትሮየር ኖሮን አያውቅም። ይህቺም ብትሆን የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1944 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተቀላቅላ በፊሊፒንስ ውኆች ከጃፓን ጋር በተደረገው ጦርነት አገልግላለች። ዋና ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላትና መጠገን ነበር። የአውሮፕላን ሞግዚት በሏት። በ1954 ዓ.ም. ለእኛ ስትሰጥ ግን ሞግዚቲቱ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆነች። ርዝመቷ 95 ሜትር ግድም ነው። ምጽዋ ላይ ስንቱ የደጋ ልጅ ባሕር የለመደው በእሷ ጀርባ ነው!

ከዚያ የመጣው ክፉ ክፉው ነው። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ፣ የጃንሆይ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። የካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች። ግንቦት 1983 አሰብም ስትያዝ «ኢትዮጵያ» ከተረፉት መርከቦች ጋር ወደ የመን ሸሸች፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የጃፓን ቦምብ ያላሰጠማት መርከብ እኮ ናት! ባሕር ኃይሉም እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ፈረሰ። እንደገና ማቋቋም የተጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ጽፎልናል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ግን ስለ መርከበኛው ለተማሪ የምሰጠው አንድ ልብ ወለድ አልነበረኝም። ከተሸነፈ ጦር የተመለሰን ሰው፣ እንኳን ደራሲ፣ ጎረቤትም አይጠይቀው። ደርግን መጥላታችን አንድ ነገር ነው፤ የሰዎቹን ዕድሜ አብሮ መሰረዝ ግን ሌላ ነው።

ከምጽዋ እንዴት እንደወጡ ጠየቅኋቸው። «ቆጮው አነሰህ?» ብለው ተነሡ። ሲመለሱ ወሬው ሌላ ሆነ።

ልጆቻቸው ፎቶግራፉ የተሰቀለበት ቦታ ላይ ቴሌቪዥን መስቀል ይፈልጋሉ አሉኝ፤ ለኳስ ተመልካች። እስከዚያን ቀን ድረስ አልፈቀዱላቸውም ነበር።