የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመኪና፤ ከዲንሾ እስከ ሀረና ደን

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። 2 ሺህ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው ፓርኩ በ1962 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን፣ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህም ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቀጥሎ በመዝገቡ የሰፈረ የአገሪቱ ሁለተኛው የተፈጥሮ ቅርስ ሆኗል።

ፓርኩን ለየት ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ መሐሉን አቋርጦ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ያለው መሆኑ ነው። ከጎባ ተነስቶ ደሎ መና የሚደርሰው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በአፍሪካ በከፍታቸው ከሚታወቁት መንገዶች ቀዳሚው እንደሆነ ይነገርለታል። መንገዱ ለጎብኚው ተራራውን፣ ሐይቁንና ደኑን በአንድ ቀን የሚያሳይ ቢሆንም፣ ለዱር እንስሳቱ ደኅንነት ጥንቃቄን የሚጠይቅ ነው።

ወደ ፓርኩ የሚያደርሱ መንገዶች

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ተጓዥ በአዳማ፣ በአሰላና በበቆጂ አልያም በሻሸመኔና በኮፈሌ በኩል ዶዶላ ይደርሳል። ከዚያም አዳባን አልፎ ዲንሾ ከመድረሱ አስቀድሞ መንገዱ የጋይሳይን ሣር ምድር ያቋርጣል። በዚህ ሥፍራ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ከመኪና ሳይወርዱ መመልከት ይቻላል። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዲንሾ ሲሆን፣ የመግቢያ ክፍያም በዚሁ ይፈጸማል። ነዳጅ መሙላትና የተሽከርካሪውን ጎማና ፍሬን ማስፈተሽ የሚያስፈልገው ሮቤ ወይም ጎባ ላይ ነው። ከጎባ በኋላ ያለው ጉዞ አቀበትና ቁልቁለት የበዛበት ነው።

የሳነቴ አምባና ሐይቆቹ

ከጎባ ወደ ላይ ሲወጣ የጽድና የኮሶ ዛፎች ለአስታ ቁጥቋጦ ቦታቸውን ይለቃሉ፤ አስታውም በተራው እያጠረ ሄዶ ሰፊው የሳነቴ አምባ ይገለጣል። በአምባው ላይ ከአለቱና ከሣሩ መካከል ብቅ ብቅ ያሉ ጅብራዎችና በርካታ ትናንሽ ሐይቆች ይታያሉ። ሥፍራው በበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ የነበረ ሲሆን፣ ግግሩ መሬቱን እየፋቀ ያለፈባቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ አልጠፉም። ከሐይቆቹ አንዳንዶቹ በበጋ የሚደርቁ ናቸው፤ ውኃ በያዙበት ወቅት ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ የመሳሰሉ አዕዋፍ ይሰፍሩባቸዋል። ስሙ በአፋን ኦሮሞ "ጥቁር ሐይቅ" ማለት የሆነው ጋርባ ጉራቻ ግን በእግር ወይም በፈረስ የሚደረስበት ነው።

4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም በዚሁ አምባ ላይ ይገኛል። በፓርኩ የሚገኘው ፊንጫ ሀበራ የተባለ የአለት ጥላ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት በዓለም ዙሪያ ታውቋል። ጥናቱ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመታት በፊት በ3 ሺህ 469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበርና ግዙፉን ፍልፈል ይመገቡ እንደነበር አረጋግጧል።

ይኸው ፍልፈል ዛሬ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ነው። በሳነቴ ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ አይጦችና ፍልፈሎች በቀን ይወጣሉ፤ ቀይ ቀበሮም በቀን ያድናቸዋል። መንገደኛው ከመኪናው ሆኖ ቀበሮውን ለማየት የሚታደለውም በዚህ ምክንያት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።

ከአምባው በስተደቡብ መንገዱ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ በሪራ በኩል ወደ ሀረና ደን ይገባል። በጥቂት ሰዓታት ጉዞ ከውርጭ ምድር ወደ ጥቅጥቅ ያለ ደን መግባት የባሌ ጉዞ ልዩ ገጽታ ነው። ደኑ የዱር ቡና፣ የአንበሳና የባሌ ጦጣ መገኛ ነው።

ፓርኩ የገጠመው ፈተና

የባሌ ከፍታዎች ረግረጋማ ሥፍራዎች የዝናቡን ውኃ ይዘው በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃሉ። የዋቢ ሸበሌ ገባሮች፣ ዌብና ወልመል ከዚሁ ይመነጫሉ። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ የሚኖር 12 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮው ከዚህ ውኃ ጋር የተሳሰረ እንደሆነ ይገመታል። በመሆኑም በሳነቴ ላይ የሚደርስ ጉዳት መዘዙ በቆላ የሚኖረውን አርብቶ አደር ጭምር የሚነካ ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም ቢመሠረትም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተሰየመው እ.ኤ.አ በ2014 ነው። በእነዚህ አርባ ዓመታት በላይ በሆኑ ጊዜያት ሠፈራ፣ ልቅ ግጦሽና ቃጠሎ በፓርኩ ውስጥ ተስፋፍተዋል። ከብት የሚጠብቁ ውሾች የሚያስተላልፉት የእብድ ውሻ በሽታም እ.ኤ.አ በ2003 እና በ2008 በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በአካባቢው ያሉ ውሾችን መከተብ የጥበቃው አንድ አካል የሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ከተጓዡ የሚጠበቅ

መንገዱ የሕዝብ ማመላለሻና የጭነት ተሽከርካሪዎች፣ ለመስክ ሥራ የሚንቀሳቀሱ የመንግሥት መኪኖችም የሚገለገሉበት ነው። ቀይ ቀበሮ በመኪና ተገጭቶ የሞተበት አጋጣሚ አለ። ቁጥሩ ከ500 ላላለፈ ዝርያ የአንዲት እናት ቀበሮ ሞት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ስለሆነም በአምባው ላይ አሽከርካሪዎች ፍጥነታቸውን መቀነስ፣ ከመንገዱ ወጥተው በሣሩ ላይ አለመንዳት፣ ጡሩምባ አለማብዛት፣ ምግብና ቆሻሻ አለመጣልና እሳት አለመለኮስ ይኖርባቸዋል። ለጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት የሚመረጥ ቢሆንም፣ ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። ከከፍታው የተነሳ ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር የሚሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጎባ ወይም ወደ ሪራ መውረድ ይገባዋል። በሳነቴ ሁለትና ሦስት ሰዓት ጨምሮ በዝግታ የሚጓዝ ሰው እንስሳቱን የማየት ዕድሉ ይሰፋል፤ እነርሱንም ከአደጋ ይጠብቃል።