የንጉሥ መቃብር፦ ይታይ ወይስ ይደበቅ?

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ልብስ የጫነ ባለ 40 ፊት ኮንቴይነር ከግቢው ወጥቶ ወደ ጅቡቲ መንገድ ሲያቀና፣ ታክሲውም ባጃጁም ቦታ ይለቅለታል። የዚያን ኮንቴይነር ርዝመት 12 ሜትር፣ ጢም ብሎ ሲሞላ ክብደቱን 30 ቶን ገደማ አድርጋችሁ ያዙልኝ። አክሱም ላይ ወድቆ የተኛው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ነው፤ ሦስት ኮንቴይነር ጫፍ ለጫፍ ቢደረደር የሚበልጠው በትንሽ ነው። ክብደቱ ደግሞ ወደ 520 ቶን ይገመታል። አሥራ ሰባት ሙሉ ኮንቴይነር፣ ያውም አንድ ወጥ ድንጋይ ሆኖ! ክሬን በሌለበት ዘመን ከከተማው በስተምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከጎቦድራ ኮረብታ ተፈልፍሎ የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ለመቃብር ነዋ። «የአክሱም ሐውልት» ሲባል ሁላችንም ቀና ብለን ወደ ላይ እናያለን፤ ዋናው ነገር ግን ከእግራችን ሥር ነው ያለው።

ለንጉሥ መቃብር የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጭንቀት አለበት። ክብሩ እንዲታይ ካደረገ ሌባ ይመጣል፤ ከሌባ ከደበቀው ደግሞ ክብሩ አይታይም። የግብፅ ፈርዖኖች በዚህ ጉዳይ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ኩፉ ጊዛ ላይ ያሠራው ፒራሚድ ሲጠናቀቅ ከፍታው 146 ሜትር ያህል ነበር። ከሩቅ ይታያል፣ ለሌባም ጭምር። ከሺህ ዓመት በኋላ የነገሡት ግን መቃብራቸውን ከዛሬዋ ሉክሶር ማዶ ባለ ደረቅ ሸለቆ፣ አለት ውስጥ አስቆፈሩ። የቀዳማዊ ቱትሞስን መቃብር ያሠራው ኢነኒ የተባለ ሹም ሥራውን በፍጹም ምስጢር እንዳስፈጸመ በራሱ መቃብር ላይ አስጽፏል (ምስጢር ጠባቂ ማለት እንዲህ ነው!)። ሌቦቹ ግን አልቀሩም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ ካህናቱ የነገሥታቱን አስከሬን ሰብስበው ሌላ ስውር ጉድጓድ ውስጥ እስከ መሸሸግ ደረሱ። ሃዋርድ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1922 ያገኘው የቱታንኻሙን መቃብር አብዛኛው ሀብት የተረፈው፣ ጥንት ሌቦች ነካክተውት እንደገና ከተዘጋ በኋላ ፍርስራሽ ተከምሮበት ስለተረሳ ነው።

አክሱማውያን ታዲያ ሁለቱንም በአንድ ላይ ሞከሩ። እ.ኤ.አ. በ3ኛውና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከላይ ሰማይ ጠቀስ ድንጋይ ተከሉ፣ ከሥር መቃብሩን ቀበሩ። ትልቁ ሐውልት ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ ተመስሎ ተቀርጿል፤ በርና መስኮት አለው፣ በሩ ግን አይከፈትም። አጠገቡ ከመሬት በታች አንድ መተላለፊያና ግራና ቀኙን 10 ክፍሎች ያሉት መቃብር አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን አወዳደቁ ነው። ለዚያ ሁሉ ቁመት መሬት ውስጥ እንዲገባ የታሰበው ግርጌ 3 ሜትር እንኳ አይሞላም። ብዙ ተመራማሪዎች ገና ሲተከል ወይም እንደተተከለ ወዲያው እንደወደቀ ያምናሉ። ሲወድቅም «ነፋስ ማውጫ» የሚባለውን መቃብር ጣሪያ መታው። ያ ጣሪያ ራሱ 360 ቶን የሚገመት አንድ ድንጋይ ነው!

ሌባው እዚህም ደርሷል። ኔቪል ቺቲክ እ.ኤ.አ. በ1974 ባገኘው፣ በኋላም ዴቪድ ፊሊፕሰን በ1990ዎቹ ባጠናው የጡብ ቅስቶች መቃብር ውስጥ የተገኘው የተቀረጸ የዝሆን ጥርስና ብርጭቆ ከዘራፊ የተረፈ ነው። በሌላ በኩል ከሮም የተመለሰውን ሐውልት ለመትከል ዝግጅት ሲደረግ መሬቱ በመሣሪያ ሲፈተሽ፣ መኪና ይቆምበት በነበረ ቦታ ሥር ሳይቀር የመቃብር ክፍሎች መኖራቸው ታወቀ። መደበቁ በከፊል ሠርቷል ማለት ነው።

ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ግዙፍ ሐውልት መትከል ቀረ። የነገሥታት መቃብር ቀስ በቀስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተጠጋ። ጭንቀቱ ግን እስከ አዲስ አበባ ተከትሎ መጥቷል፤ እዚህ ላይ የሚፈራው የወርቅ ሌባ ሳይሆን ፖለቲካ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አገር እንዳይናወጥ ተብሎ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ፤ አስከሬናቸውም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተቀመጠ። በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አረፉ። (ታኅሣሥ 3 እኮ የበዓታ በዓል ነው።) ምኒልክን የደበቋቸው ወዳጆቻቸው ናቸው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የደበቃቸው ግን ደርግ ነው። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ አስከሬናቸው የት እንዳለ ሕዝብ አያውቅም ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ሲወጣ አፅማቸው በዚያው በበዓታ፣ ምኒልክ ባረፉበት ቤተ ክርስቲያን በአደራ ተቀመጠ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከእቴጌ መነን ጎን ተቀበሩ። ከቦሌ ለሚ አራት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ስትሄዱ የሁለቱን መቃብር ድንጋይ ልብ ብላችሁ እዩት፤ የተጠረበው በአክሱም አሠራር አምሳል ነው።