የመሣሪያዎች የጋራ ቋንቋ፦ ኦንቶሎጂ በመገናኛ መረብ ታሪክ ውስጥ



በወጣትነቴ በአንድ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ሁለት ጣቢያዎችን የሚያገናኝ መስመር ተቋረጠ። የጣቢያዎቹ መሣሪያዎች የተለያዩ አምራቾች ሥራ ስለነበሩ አንደኛው «ምልክት ጠፋ»፣ ሁለተኛው «ፖርት ወደቀ» ሲሉ አላርም ላኩ። ብልሽቱ አንድ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሁለት አድርጎ መዘገበው። እኛም በዚያ ዝናብ ሁለት ቡድን ላክን፤ አንደኛው የደረሰው ምንም ወዳልተበላሸበት ጣቢያ ነበር።

ችግሩ ቀድሞም ታውቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ኤስኤንኤምፒ የተባለው የኔትወርክ አስተዳደር ፕሮቶኮል ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ይዞታ በዛፍ መልክ የተደራጀ ቁጥር ሰጠ። የአንድ ፖርት ሁኔታ በ1.3.6.1.2.1.2.2.1.8 በሚጀምር ቁጥር ይጠየቃል፤ መልሱ 1 ከሆነ ይሠራል፣ 2 ከሆነ ወድቋል። ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የቁጥሩ ትርጓሜ የተጻፈው ለሰው አንባቢ እንጂ ለማሽኑ አልነበረም። ማሽኑ ፖርቱ መውደቁን ያውቃል፤ ፖርቱ መስመር እንደሚሸከም ግን አያውቅም።

በ1993 ቶም ግሩበር ከፍልስፍናው የህላዌ ጥናት የተዋሰውን «ኦንቶሎጂ» የሚለውን ቃል ለኮምፒውተር ሳይንስ ሲበይን፣ ስለ አንድ ዓለም ያለንን ግንዛቤ በግልጽ መደንገግ ማለት ነው አለ። በ2003 ዴቪድ ክላርክና ባልደረቦቹ ኢንተርኔት ብልሽቱን ራሱ የሚመረምርበት «የዕውቀት ንጣፍ» እንዲኖረው ሐሳብ አቀረቡ፤ በ2004 ደግሞ የዓለም አቀፍ ድር ማኅበር ኦውል የተባለውን የኦንቶሎጂ ቋንቋ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ «ፖርት መስመርን ይሸከማል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማሽን ራሱ ሊያነበው፣ ሁለቱ አላርሞችም የአንድ መስመር ሁለት ጫፍ መሆናቸውን ሊደርስበት ቻለ።

ነገሩን አላጋንነውም። አመክንዮ ያዘግማል፤ አላርም ግን እንደ ጎርፍ ይመጣል። ስለዚህ በቀላል ደንብ አስቀድሞ ማጥለል ግድ ነው።

ከዚህም የሚከብደው ሌላ ነው። በአንድ ወቅት «መስመር» ምን እንደሆነ ለመበየን ተሰብስበን ከሰዓት በኋላው ሙሉ አለቀ። ለመሐንዲሱ መስመር ማለት ፋይበሩ ነው፤ ለሒሳብ ክፍሉ ደንበኛው የሚከፍልበት ውል ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም አስገባን፤ በመካከላቸውም «ይጠቀምበታል» የሚል ዝምድና ጻፍን።