ስሙን ከዘፈኑ ያገኘ ዘፋኝ

ጀጎልን ዙሪያውን ከቦ የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ አፍረን ቀሎ ይባላል፤ ይኸውም አራቱ የቀሎ ልጆች፥ አላ፥ ባቢሌ፥ ዳጋና ኦቦራ ማለት ነው። በ1950ዎቹ በድሬዳዋ የነበረው የሙዚቃ ጓድ ስሙን ከዚሁ ነገድ ወሰደ። በ1939 ዓ.ም. የተወለደው ዓሊ መሐመድ ሙሳም ገና ልጅ ሳለ ከጓዱ ጋራ «ብራ ዳ በርኤ» የተባለውን ዘፈን ዘፈነ። ብዙ ዓሊ በሚገኝበት አገር ሕዝቡ ከዘፈኑ መነሻ ቃል ስም አወጣለት፤ የአባቱ ስም ቀርቶ ዓሊ ብራ ተባለ። መዝሙረ ዳዊት 50ኛውም በመነሻ ቃሉ «ተሣሃለኒ» ይባላል፤ ዘማሪውን ግን በዚህ ስም የጠራው የለም። ብራ በኦሮምኛ ክረምት ሲወጣ የሚመጣው ወራት ነው፤ በአማርኛም ዝናም ያባራበት ጥሩ ሰማይ ነውና ስሙ ያለ አስተርጓሚ ይሰማል። ጓዱ በመንግሥት ዘንድ ተጠርጥሮ ፈረሰ፤ ዓሊ ግን በኦሮምኛ፥ በጀጎል ሰዎች በሐረሪ ቋንቋና በአማርኛ እየዘፈነ፥ በ2015 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በዘፈኑ ስም ተጠራ።