ቤት ለእንግዳ፤ ማረፊያና ታሪክ በክራኮቭ ከተማ

ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ለሚጣራ መንገደኛ ያገራችን ባለቤት የሚመልሰው ቃል «ቤት ለእንግዳ» የሚል ነው። በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ቤቱ፥ እንግዳውና መልስ የሚሰጠው ባለቤት። መኝታ በገንዘብ ሲከራይ ግን የእንግዳው ሐሳብ በአልጋው ምቾትና በዋጋው ላይ ስለሚያርፍ፥ ሦስተኛው ይዘነጋል። ስለሆነም ቤት መሥራትና መጠበቅ ሙያችን የሆነው እኛ፥ በታሪካዊት ከተማ ሆቴል መምረጥን እንደ ቀላል ጉዳይ ልናየው አይገባም። ለዚህም የፖላንዷ ክራኮቭ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች።

ክራኮቭ በማግደቡርግ ሕግ የከተማነት መብት ያገኘችው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1257 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ የተቀየሰው ታላቁ የገበያ አደባባይ በየጎኑ 200 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከእርሱ የሚነሡት ቀጥ ያሉ መንገዶች በአብዛኛው ዛሬም እንደነበሩ ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የከተማዋ ቅጥር ሲፈርስ፥ በቦታው ፕላንቲ የተባለው አሮጌውን ከተማ የሚከብብ የዛፍ ቀለበት ተተከለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋርሶ ስትወድም፥ ክራኮቭ ከነሕንፃዎቿ ተረፈች። ዩኔስኮም በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፥ የክራኮቭን ታሪካዊ ማዕከል ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በአንድ መዝገብ አሰፈረ።

ከፕላንቲ ውስጥ ማደር የሚሻ መንገደኛ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ለመኖሪያነት ተሠርቶ ኋላ ወደ ሆቴልነት የተለወጠ ቤት ነው። በፍሎሪያንስካ መንገድ «ፖድ ሩዦ» ማለትም «ከጽጌረዳዋ ሥር» የሚባል ጥንታዊ ሆቴል አለ። በደጃፉ የተቀረጸው የላቲን ጽሑፍ፥ ጉንዳን የባሕሩን ውሃ ጠጥታ እስክትጨርስ፥ ኤሊም ዓለምን እስክትዞር ድረስ ቤቱ ጸንቶ እንዲቆም ይመኛል። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ሊፍት ለማስገባትም ሆነ ቧንቧ ለመዘርጋት ጥንታዊውን አካል መንካት ግድ ይላል። በመሆኑም ጠባቡን ደረጃና እርስ በርሱ የማይመሳሰለውን ክፍል የታገሠ እንግዳ፥ ለቤቱ ዕድሜ የበኩሉን አዋጥቷል ማለት ይቻላል። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን በአደባባዩ ፊት ከማደር ይልቅ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያይ ክፍል ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ በየሰዓቱ፥ ሌሊትም ሳይቀር፥ መለከት ይነፋልና። በክረምት ከተማዋን ያፍን የነበረው ጢስ፥ በ2019 በየቤቱ ከሰልና እንጨት ማንደድ ከተከለከለ ወዲህ ቀንሷል።

ከፕላንቲ ውጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምቾት ተሞክሮ ነበር። አርክቴክት ቪቶልድ ጼንጽኬቪች የነደፉት፥ ፊቱ በመስተዋትና በአሉሚኒየም የተሸፈነው ሆቴል ክራኮቪያ በ1965 ተከፈተ፤ በቪስቱላ ወንዝ ዳር የተሠራው ፎሩምም በ1989 ተከተለው። ሁለቱም በየጊዜያቸው የዘመናዊነት መለኪያ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፎሩም በ2002፥ ክራኮቪያም በ2011 እንግዳ መቀበላቸውን አቆሙ። በመካከለኛው ዘመን የተገነባው ግድግዳ ዛሬም እንግዳ ሲያሳድር፥ በዘመናችን የተሠራው ግማሽ መቶ ዓመት እንኳ አላገለገለም። ምቾት ከግድግዳ ፈጥኖ ያረጃል።

ከሁሉ የሚከብደው ምርጫ ግን በካዚሚየሽ ሠፈር ያጋጥመናል። ንጉሥ ካዚሚየሽ 3ኛ በ1335 የቆረቆሯት ይህች ስፍራ፥ አይሁድ በ1495 ከክራኮቭ እንዲለቁ ከታዘዙ በኋላ ዋነኛ መኖሪያቸው ሆነች። ከጦርነቱ በፊት በመላዋ ክራኮቭ 60 ሺህ ገደማ አይሁድ ይኖሩ ነበር። የጀርመን ወራሪዎች በመጋቢት 1941 ከወንዙ ማዶ በፖድጉዠ በከለሉት ጌቶ ውስጥ አጎሯቸው፤ በ1942 ብዙዎቹን ወደ ቤውዤጽ የሞት ሠፈር ላኩ፤ በመጋቢት 1943 ጌቶውን አጥፍተው የተረፉትን ከፊሉን በየመንገዱ ገደሉ፥ ከፊሉን ወደ ፕዋሾቭና ወደ አውሽቪትዝ ነዱ። ቤቶቹ ቆሙ፤ ባለቤቶቹ ግን አልተመለሱም። ዛሬ ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ንጹሕና ምቹ ማረፊያዎች ናቸው። በዚያ የሚያድር እንግዳ «ቤት ለእንግዳ» የሚለውን መልስ ከማን አፍ ይስማ?

ይህ ማለት በካዚሚየሽ ማደር ነውር ነው ማለት አይደለም፤ ባዶ የቀረ ቤት ይፈርሳልና ቤቱን በሥራ ላይ ማዋል ከጥፋት ያድነዋል። ነውሩ ታሪኩን ለጌጥ ብቻ አውሎ የባለቤቱን ስም መርሳት ነው። ስለዚህ መልካም ሆቴል የምንለው፥ ጥንታዊውን አካል ሳይሸሽግ የሚያሳይ፥ በቤቱ የኖሩትን የሚያስታውስ፥ ጎረቤቶቹንም ከሠፈራቸው የማያፈናቅል ሊሆን ይገባዋል። የመጨረሻው ነገር በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በአሮጌው ከተማ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ለአጭር ጊዜ እንግዳ ሲከራዩ፥ ነዋሪው እየለቀቀ ሄዷልና።

በ1978 በአንድ መዝገብ ከሰፈሩት አንዷ ላሊበላ ናት። በዚያም ከውቅሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች የቅርሱ አካል ናቸው። ለእንግዳ ማረፊያ ንድፍ ስናወጣ እንግዳው የት እንደሚተኛ ብቻ ሳይሆን፥ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚቀበለው ሰው የት እንደሚኖርም አብረን እንንደፍ።