ከአባት ለልጅ የተላለፈ ስደት

ስለ 1977ቱ ረሀብ ሲወሳ የብዙዎቻችን ትውስታ ከመጠለያው ድንኳን አያልፍም። ኮረምና ባቲ በዓለም የቴሌቪዥን መስኮት ታዩ፣ ዕርዳታ መጣ፣ ታሪኩም በዚያው የተደመደመ መሰለ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን የብዙ ሺህ የወሎ ቤተሰቦች የስደት ታሪክ ከዚያ በኋላ ይጀምራል፤ ዛሬም አላበቃም።

ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና አሰብ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ፣ የደጋው ገበሬ፣ የቆላው ኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደር ሰኞ ሰኞ የሚገናኙባት የገበያ ከተማ ናት። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ የሚጠራው በስሟ ነው። ከወደብ የሚመጣ እህል የሚያልፍባት በመሆኗ በክፉው ቀን ወገን ሁሉ ተስፋውን ይዞ ጎረፈባት።

ደርግ ለረሀቡ የሰጠው ትልቁ ምላሽ ሰፈራ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወሰደ። አብዛኛው ወሎዬ ነበር። ወዶ የሄደ እንደነበረ ሁሉ ታፍሶ የተጫነም፣ ከቤተሰቡ የተነጠለም ነበር። አንዳንዱ ጫካ መንጥሮ አዲስ መንደር ሲመሠርት፣ ሌላው «ስግሰጋ» በተባለው አሠራር በነባሩ ገበሬ መካከል እንዲሰፍር ተደረገ። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ መሬቱ የተከፈለበት የወለጋ ወይም የኢሉባቦር ገበሬም ፈቃዱ አልተጠየቀም። ሰፋሪውም ተቀባዩም በአንድ ትእዛዝ የተጎዳኙ ጎረቤታሞች ነበሩ።

እንደሚታወቀው መንግሥት ተለወጠ፤ የአስተዳደሩም መርሕ ተለወጠ። «አገር አንድ ነው፣ የትም ሥፈር» ተብሎ የሄደው አባት፣ መሬት ሁሉ በብሔር ባለቤት ሲበጅለት «መጤ» የሚለውን ስም ለልጁ አወረሰ። እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው አርሶ፣ የጎረቤቱን ቋንቋ እየተናገረ ያደገው ልጅ ከዚህ ስም አልዳነም። ጥቅምት 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ ወረዳ ጋዋ ቃንቃ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ በጊምቢ ወረዳ ቶሌ የደረሰው ጭፍጨፋ የዚህ ታሪክ እጅግ መራራው ገጽ ነው። በቶሌ ብቻ ከ300 በላይ ሰው አለቀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዚያ ሰፈራ የሄዱ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከሞት የተረፈው ሸሸ፤ በርካታው ወላጆቹ ወደ ተነሡበት ወደ ወሎ ተመልሶ በደቡብ ወሎ መጠለያዎች ገባ። አባት በድንኳን ጀመረ፣ ልጅም በድንኳን ተገኘ።

«ወደ አገሩ ተመለሰ» ማለት ይቀላል። ግን የቱ አገሩ? በ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል፤ ገበሬው የሚያርሰው እስከተገኘበት ድረስ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት ሲደለደል ወለጋ ያለ ሰው ድርሻ አልነበረውም። የአያቱን ማሳ ሌላ ገበሬ በሕጋዊ ይዞታ ያርሰዋል፤ እርሱንም ተነሥ ማለት ሌላ ግፍ ነው። ተፈናቃዩ በወለጋ «መጤ»፣ በወሎ ደግሞ «ተመላሽ» ተብሎ በሁለቱም ስፍራ ባለ መሬት ሳይሆን ቀረ።

አንድ ቀዬ የአንድ ወገን ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ በባቲ ገበያ ቢመዘን አይቆምም። ከተማዋ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች፤ አንድ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይናገራል፤ ጋብቻውም ወሰን አያውቅም። ይህ ቀጠና ራሱ ከግጭት አልዳነም። በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ የፈሰሰው ደም፣ በ2014ም ባቲ ድረስ የዘለቀው ጦርነት ሰውን ከቤቱ ነቅሏል። ሸሽቶ የሄደው ኦሮሞም አማራም ነበር።

እንግዲህ ከአባት ለልጅ የወረደው ውርስ ምንድን ነው? ረሀብ እንዳንል ልጁ ጎተራው ሞልቶ ነው የሸሸው። ውርሱ ሳይጠየቁ መነሣት ነው። አንዱ መንግሥት ቤተሰቡን አንሥቶ ሲያሰፍር የዋስትና ወረቀት አልሰጠውም፤ ተከታዩም የሰፈረበትን ምድር የሌላ ነው ብሎ ሲያውጅ ስለ እርሱ አላሰበም። ሦስተኛው ትውልድ ዛሬ በመጠለያ ፊደል እየቆጠረ ነው። የእርሱ ዕጣ የሚለወጠው አንድ ሰው ያረሰበትና የተወለደበት ምድር፣ የየትኛውም ብሔር ተወላጅ ቢሆን፣ በሕግ የእርሱም ነው ሲባልና ይህንንም የሚያስከብር አካል ሲገኝ ነው። እስከዚያው ድረስ በ1977 የተጫኑት አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይመዝገብ። ያልተጻፈ መፈናቀል ለሚቀጥለው አፈናቃይ ይመቻልና።